ከንጹሑ ቦታ የመጣ ጭቃ

እትዬ ጭቃ ይሏታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው፣ ፊት ለፊቷም ከኋላዋም የሚጠራት እንዲህ ነው፤ እሷም አትቆጣም። ምን ብላ ትቆጣ? ዕድሜዋን ሙሉ ከሐይቅ ሥር ጭቃ ስታወጣ፣ ስታደርቅ፣ ስትወቅጥና ስትነፋ የኖረችን ሴት እትዬ ሽቶ ሊሏት ኖሯል? ሌሎቹ ኬሚስቶች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ወንበር ሲያሞቁ፣ እሷ የጎማ ቦቷን አጥልቃ ጀልባ ላይ ናት። በጥፍሮቿ ሥር ያለው ጥቁር መስመር በሳሙናም በብሩሽም አልለቅ ብሎ አብሯት አርጅቷል። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት ጓንት አድርጋ ሄዳ፣ ምግብ ሲቀርብ ጓንቷን ብታወልቅ አጠገቧ የነበረችው ሴትዮ ወንበሯን ሸሸት አደረገች። ይህን ራሷ እየሳቀች ነው የምታወራው።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። መንጋጋ ያለው ብረት በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ከሐይቁ ሥር ሲደርስ ጥርሱን ይገጥምና ጭቃ ነክሶ ይወጣል። ከዚያ ላይ የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ በፕላስቲክ ማንኪያ ትቀዳለች፤ የብረት ማንኪያ ውጤቱን ያበላሻል። ከየቦታው ዓሣም ይያዛል። ጉበቱንና ከጀርባው አንድ ቁራጭ ሥጋ ትወስዳለች። ውኃማ ዛሬ ደፍርሶ ነገ ይጠራል፤ ጭቃና ዓሣ ግን የገባባቸውን ይዘው ይቆያሉ።

የምትፈልገው ባዜቃን ነው፤ ያን በድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የሚብለጨለጨውን፣ መሬት ሲወድቅ እንደ ዶቃ የሚንከባለለውን ፈሳሽ ብረት። ከተማው ዳር የነበረው የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ ስንት ዓመት ሙሉ በቱቦ ወደ ሐይቁ ሲለቀው ኖሯል። ክፉ ነገር ነው ባዜቃ። ከጭቃ ወደ ትል፣ ከትል ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እያለ መጨረሻው ሰው ነው። ትልቅ ሰው ላይ ቶሎ አይታወቅም። እርጉዝ ሴት ከበላችው ግን እሷን ደህና አድርጎ ትቶ በሆዷ ያለውን ልጅ አእምሮ ነው የሚይዘው። ልጁ ያምራል፣ ይወፍራል፣ ይስቃል፤ የጎደለው ነገር የሚታየው ቆይቶ ነው። እትዬ ጭቃ ይህን ለስንቱ ስታስረዳ ኖራለች፤ ለአዋላጆች፣ ለመምህራን፣ ለዓሣ ነጋዴዎች፣ መስማት ለማይፈልገውም ሁሉ።

መሥሪያ ቤቱ የነበረው መለኪያ እሷ ስትቀጠርም አሮጌ ነበር። ሽማግሌው ይሉታል። ሽማግሌው እንደ ስሜቱ ነው፤ ሲሞቀው ከፍ ያደርጋል፣ መብራት ሲዋዥቅበት ዝቅ ያደርጋል፣ ዛሬ ያለውን ነገ አይደግመውም። ታዲያ በምን ይሠራ? ዘዴ ፈጠሩለት። የቱቦውን ጭቃና ማንም ካልነካው ቦታ የመጣ ንጹሕ ጭቃ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ያስለኩታል። ቢዋሽ ለሁለቱም እኩል ነው የሚዋሸው። ከዚያ የቱቦው ጭቃ የንጹሑ ስንት እጥፍ ነው ብለው ይጽፋሉ። ዓሣውም እንደዚያው። ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ሪፖርቱ ሁሉ የሚጻፈው በዚህ እጥፍ ነው። ብልህ ዘዴ ነበር፤ እሷም ትኮራበት ነበር።

ንጹሑን ቦታ የመረጠችው ራሷ ናት። አዲስ ተቀጣሪ ሳለች የዚያን ጊዜው አለቃ ማንም ምንም ያልጣለበት ጥግ ፈልጊ ብሎ ላካት። መፈለግም አላስፈለጋትም። ከቱቦው ማዶ፣ ሐይቁ ጎበጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባበት፣ ሸምበቆ የከበበው ዳርቻ አለ፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው። ፋብሪካ የለ፣ የመኪና መንገድ የለ፤ ከታናሽ እህቷ ቤትና ከጥቂት ዓሣ አጥማጆች ጎጆ በቀር ምንም የለ። ጭቃውን አምጥታ ብታስለካው ሽማግሌው መርፌውን በጭንቅ ነው ያነቃነቀው። በዚያው ቦታው ስም ወጣለት፤ ንጹሑ ተባለ።

ንጹሑ የራሱ ቀን አለው። ጭቃው እንዳይነካካ ከቱቦው ጋር በአንድ ቀን አይቀዳም። ያ ቀን ለእሷ በዓሏ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ምሳ እህቷ ቤት ነዋ። ባለጀልባው፣ አራት ሰው በማትችል ጀልባው የተነሳ በቀልድ ካፒቴን የሚሉት ሰው፣ ከማለዳው ጀምሮ ነው ምራቁን የሚውጠው። ንጹሕነቱ የጭቃው ነው ወይስ የእህትዎ መጥበሻ ነው ይላታል ሁልጊዜ። እሷም ዝም ብለህ ንዳ ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ቦታውን ስትመርጥ ምሳው በልቧ አልነበረም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ እንዲህ ሲሉ ኖረው፣ ቱቦው የንጹሑ ሠላሳ እጥፍ እያለ አንድ ቀን ገንዘብ ተገኘ ተባለ። ጭቃ የሚዝቅ ማሽን የተጫነበት ትልቅ ጀልባ መጣና ከቱቦው አፍ ሥር ያለውን ጥቁር ጭቃ ይዝቅ ጀመር። ሰዉ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። እትዬ ጭቃ አለቀሰች ይባላል፤ እሷ ንፋሱ ነው ትላለች። ጭቃውን የት ነው የምትወስዱት ብላ አንዱን ሠራተኛ ጠየቀችው። ጥልቁ ቦታ፣ ማንም የማይደርስበት አላት። ይበል ብላ ሄደች። ሐይቁ ውስጥ ጥልቁ ቦታ የት እንደሆነ፣ ዕድሜዋን በገመድ ስትለካው የኖረችው ሴት፣ ይበል ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሠላሳው ሃያ ሆነ፣ ሃያው አሥር፣ ከዓመት ዓመት እያለ ሦስት እጥፍ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ፈነጠዘ፤ ኬክ ተቆረጠ። ቱቦው አጠገብ የቆመውን ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ ብሎን የፈታችው እሷው ናት፤ ፎቶውም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ፎቶ ላይ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

አሁን ወደ ሚጣ እንምጣ። እትዬ ጭቃ የወለደችው ልጅ የላትም፤ ያላት የእህቷ ልጅ ሚጣ ናት። ሚጣ ትምህርቷን ከተማ፣ አክስቷ ቤት ሆና ነው የጨረሰችው። ማታ ማታ የአክስቷን የጭቃ ወሬ እየሰማች ነው ያደገችው፤ የባዜቃን ጉዞ ከትል እስከ ሰው በቃሏ ትወጣዋለች። ከዚያ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አገባች። ደህና ሰው ነው፤ ግን መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። የተከራዩት ቤት ደግሞ ቱቦው ሰፈር ሆነ። ስታረግዝ እትዬ ጭቃ እንቅልፍ አጣች። ያኔ የክልከላው ሰሌዳ ገና አልተነሳም ነበር፤ ሆኖም ሰዉ ከቱቦው ሥር እየሰረቀ አጥምዶ በየገበያው ይሸጣል፤ የቱ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? ሄደችና ልብሷን ራሷ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እናትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ፣ ንጹሑ ጋ፣ እስክትወልጂ ከዚያ ንቅንቅ የለም አለቻት። ለእህቷም በደንብ አድርገሽ ዓሣ አብያት፣ ለልጁ አእምሮ ጥሩ ነው ብላ አስጠነቀቀቻት።

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው፤ ጤነኛ፣ ድንቡሽ ያለ። ጋሼ አሉት። ገና ከመወለዱ ሰው ሲገባ ትክ ብሎ እያየ ዝም ስለሚል ነው፤ ቤቱን ሁሉ የሚታዘብ ሽማግሌ ነበር የሚመስለው። ስሙ ያስቃቸው ነበር። ጋሼ ለመቀመጥ ዘገየ፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል ተባለ። ለመሄድ ዘገየ፤ ስለወፈረ ነው ተባለ። አሁን እኩዮቹ ተረት ሲያወሩ እሱ የጠርሙስ ክዳን ወለል ላይ እያሽከረከረ ይውላል፤ እማዬ እንኳ አይልም። በዓለም ላይ ይህን አይታ መደንገጥ የሚገባት አንዲት ሴት ብትኖር እትዬ ጭቃ ነበረች። እሷስ? ቀስ ብሎ ይናገራል፣ አጎቱም እንዲሁ ነበር ትል ነበር። ዓሣው ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎባታል። ግን ከንጹሑ ነው የበሉት ብላ ሐሳቡን እንደመጣ መለሰችው። ሚጣ ሁለተኛ ስታረግዝም ያንኑ ሻንጣ ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች፤ አሁን ማንም ሳያዛት።

አዲሱ መለኪያ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከሽማግሌው ጋር ሲተያይ ሚዛን የሚያክል ትንሽ ሳጥን ነው፤ ግን አይዋሽም። የደረቀ ጭቃ ቁንጥር ትሰጪዋለሽ፣ ያቃጥለዋል፣ ይናገራል። አብሮት በታሸገ ጠርሙስ አንድ ዱቄት መጣ፤ ውስጡ ስንት ባዜቃ እንዳለ አስቀድሞ የታወቀ፣ ማሽኑ የሚፈተንበት። እትዬ ጭቃ ዱቄቱን ሰጠችው፤ ልክ የተባለውን መለሰ። ደስ አላት። ከዚያ ለማሟሻ ያህል የንጹሑን ጭቃ ሰጠችው፤ ባዶ ያህል ይላል ብላ።

ባዶ አላለም። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር አይታ ማንኪያው ቆሽሾ ነው አለች። ማንኪያውን አጠበች። ሳህኑ ነው አለች፤ ሳህኑን በአሲድ ዘፈዘፈችው። እጄ ነው አለች፣ ጥፍሯን አየች፣ ድርብ ጓንት አጠለቀች። የቱቦውን ጭቃ ሰጠችው፤ እሱ ሳይዛቅ በፊት ሽማግሌው ይለው ከነበረው ብዙም አልራቀም። መልሳ ንጹሑን ሰጠችው። ያንኑ አለ። የዓሣውን ሥጋ ሰጠችው፤ የባሰ አለ።

መደርደሪያው ላይ በየዓመቱ ከንጹሑ የተቀመጠ አንድ አንድ ብልቃጥ የደረቀ ጭቃ አለ። ለመመዘኛ ነው፤ ሁልጊዜ አቧራውን የምትወለውለው እሷ ናት። ሁሉንም አወረደቻቸውና ከየብልቃጡ ቁንጥር ቁንጥር እየወሰደች በተራ አስለካች። የጥንቶቹ ባዶ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም፣ ልክ እንዳለችው፤ ወጣትነቷ አልዋሸም። ማሽኑ ሲያነብ ሲያነብ ቱቦው ከተዛቀበት ዓመት ብልቃጥ ላይ ደረሰና ዘለለ። የቀጣዩ ከፍ አለ። ያ ሚጣ ሻንጣዋን ይዛ የሄደችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እየጨመረ ነው የሄደው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ቱቦው አልነጻም፤ ንጹሑ ነው የቆሸሸው። እጥፉ የወረደው የሚካፈልበት የንጹሑ ቁጥር ከፍ ስላለ ነው። ጥልቁ ቦታ ከእህቷ ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። ያን ቦታ ከማንም በፊት የለካችው እሷ ናት፤ ቢጠይቋት ኖሮ ራሷ ነበረች የምታሳያቸው። ወይ እኔ፣ ወይ እኔ እያለች የብልቃጦቹን ክዳን አንድ በአንድ ገጠመች። አንዱም ክዳን ከሌላው እንዲቀያየር አልፈቀደችም፤ እጇ ልማዱን አይተውም።

ኃላፊው ከእሷ እጅ የወጣ ልጅ ነው፤ ጠብታ መቁጠር ያስተማረችው እሷ ናት። መጥፎ ሰው አይደለም። የነገረችውን ሁሉ ሰማ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እስከ ዛሬ ለላይ ያቀረብነው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው ወይ አላት። አዎ አለችው። ሰሌዳው ከተነሳ ወዲህ ቱቦው ሰፈር ስንት ሰው መረብና ጀልባ እንደገዛ ነገራት፤ ጭቃውን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ፣ ያም ጊዜ እንደሚወስድ፣ እስከዚያ ማንንም ማሸበር እንደማይገባ ነገራት። ሚጣ ስምንተኛ ወሯ ነው አለችው እሷ። ሚጣን ያውቃታል፤ ሰርጓ ላይ ጨፍሯል። የመነጽሩን መስታወት በሸሚዙ ጠራረገና፦

«ለቤተሰብዎ መንገር የእርስዎ ጉዳይ ነው እትዬ» አለ። «በመሥሪያ ቤቱ ስም ግን ገና ምንም አልተባለም።»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። እሷም እሺ ብላ ወጣች። 

በማግስቱ የንጹሑ ቀን አልነበረም። ካፒቴን ግን ና ስትለው ለምን አላለም፤ ፊቷን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። ጥልቁ ቦታ ላይ ሲደርሱ አቁም አለችው። ያን ጊዜ የዛቁትን ጭቃ የጣሉት እዚህ ነው አይደል ብላ ጠየቀችው። አዎ፣ እዚሁ ነው አላት፤ ያኔ እሱም በቀን ሠራተኛነት ከእነሱ ጋር ይሠራ ነበር። የሚያውቁ መስሎኝ አላት። እውነቱን ነው፤ ሁሉም የምታውቅ ነበር የሚመስለው። ብረቱን አውርዳ ጭቃ አወጣች። ጥቁር ነው፤ የቱቦው ጭቃ የሚሸተውን ይሸታል። በዚያ ቀን ካፒቴን የመጥበሻውን ቀልድ አላነሳባትም።

እህቷ ዳርቻው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትልጣለች። ባሏ መረቡን ይዞ ከነጋ ወጥቷል። እህትየዋ በሳቅ ተቀበለቻት፤ ዛሬ ደግሞ በማን ሠርግ ነው ያለ ቀንሽ የመጣሽ አለቻት። እትዬ ጭቃ ቦቷን ሳታወልቅ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ነገረቻት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ዓሣው ተመርዟል፣ ብዙ ጊዜው ነው አለቻት። እህትየዋ መጀመሪያ ሳቀች። ማሽን በተቀየረ ቁጥር ስንደናገጥ ልንኖር ነው እንዴ አለች። ከዚያ የእህቷን ፊት አየችና ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼም?» አለች።

እትዬ ጭቃ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እህትየዋ እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ ቅርፊቱን ስታጥብ፣ ደግማ ስታጥብ ቆየች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አንቺ አይደለሽ ወይ ያልሽን ብትላት ኖሮ እትዬ ጭቃ ትንሽ ትተነፍስ ነበር። የተናገረችው ግን ሌላ ነው።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት። የተበላ ተበልቷል። ከአሁን ወዲያ ሌላ ነገር አበላታለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አበላታለሁ። ስለ ጋሼ ግን እንዳትነግሪያት እትዬ። በተኛች ቁጥር ይናገራል አይደል እማዬ እያለች እኮ ነው የምትጠይቀኝ። እሱን ሰምታ ነው የምትወልደው?»

እትዬ ጭቃ እሺ አለች። በሕይወቷ ውጤት ደብቃ አታውቅም፤ አንድ ቁጥር እንኳ አሳምራ ጽፋ አታውቅም። እሺ አለች ግን። ለእህቷ ሌላ ምን የምትሰጣት ነገር አለ?

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መሀሉ ላይ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ። ሚጣ የሞተር ድምፅ ስትሰማ ጀምራ ምድጃው ላይ ናት። ሆዷ ቀድሟት እየሄደ፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ፣ አክስቴ መጣች አለች። አቅፋ ሳመቻት፤ በሁለቱ መሀል ያለው ሆድ ገፋት። እንዴት እንደሚራገጥ ንኪው አለቻት፣ የአክስቷን እጅ ወስዳ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። ራገጠ። ይሄኛው ለፍላፊ ነው የሚሆነው፣ ከአሁኑ ዝም አይልም አለች ሚጣ። ጋሼ ወለሉ ላይ ክዳኑን ያሽከረክራል። የእናቱን አክስት ቀና ብሎ አየና ሳቀ፤ ሲስቅ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስቃል፤ ደግሞ ወደ ክዳኑ ተመለሰ።

ተቀመጡ። ካፒቴን ሞተሩን ልይ ብሎ ውጭ ቀርቷል። ሚጣ ዳቦ ቆረሰች፣ የተጠበሰውን ዓሣ አመጣች፣ ትልቁን መርጣ አክስቷ ፊት አደረገችው። ለአንቺ ነው ያስቀመጥኩት አለቻት። ትልቅ ዓሣ ማለት ትንንሾቹን ሲበላ የኖረ ዓሣ ነው። እህትየዋ አንድ ቁራጭ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። እያየቻት ነው ያደረገችው፤ ብይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብይ ነው የሚለው ዓይኗ። እትዬ ጭቃ እጇን ወደ ሳህኑ ላከች። ለሚጣ ስትል መብላት ትችል ነበር፤ እሷን ከአሁን ወዲያ ምን ይጎዳታል? ዳቦውን ቆረሰች፣ አላመጠች፣ ዓሣው ላይ ግን እጇ አልሄደላትም።

ምነው አለች ሚጣ። ሆዷን አሟታል ብላ እናቷ ቀደም ብላ መለሰች።

«እንግዲያው ለሁለት የምትበላ ሰው አለች» አለች ሚጣ እየሳቀች። የአክስቷን ሳህን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና እጇን ዘረጋች።

እትዬ ጭቃ እጇን ያዘቻት። አስባበት አይደለም፤ አንጓዋ ላይ ነው የያዘቻት፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ሕፃን ልጅ እሳት ሊነካ ሲል እንደሚይዙት። ጣቶቿ የሚጣ አንጓ ላይ፣ ጥፍሮቿ ከነጥቁር መስመራቸው። እህትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ሚጣ በጭቃ ወሬ ያደገች ልጅ ናት። ማንም ምንም ሊላት አላስፈለገም። መጀመሪያ የአክስቷን ጣቶች አየች፣ ከዚያ ሳህኑን፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ልጅ። ክዳኑ ዞሮ ዞሮ ወደቀ፤ ጋሼ አነሳውና እንደገና አሽከረከረው። ሚጣ ያየችውን ልጅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ነበር የሚመስለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አክስቴ?» አለች።

እትዬ ጭቃ ለእህቷ የገባችውን ቃል አሰበች። ግን ይህች ልጅ የጠየቀቻትን ነገር በሕይወቷ ዋሽታባት አታውቅም፤ ደግሞም መልሱን ራሷ ከነብልቃጡ ታውቀዋለች።

«ከእሱ በፊት» አለች።

ከምድጃው ላይ ዘይቱ ይንጨረጨራል። እህትየዋ ተነስታ መጥበሻውን አወረደች፣ የምታሳርፍበት ቦታ ያጣች ይመስል ይዛው ቆመች። ሚጣ እጇን ከአክስቷ እጅ አላቀቀችና ሆዷ ላይ አደረገችው። እንባ ዓይኗን ሞልቶት ነበር፤ አልወረደም። አክስቷ ስድቡን ትጠብቃለች። ሻንጣዬን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ፣ ብይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እስክትላት ድረስ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

ሚጣ ይህን አላለችም። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ተነሳች። ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ሆዷ አላስጎነብስ ሲላት በእግሯ ሻንጣውን ጎትታ አወጣችው። ያው የድሮው ሻንጣ ነው። የጋሼን ልብስ ከገመዱ ላይ ታወርድ ጀመር። ከዚያ ዞር አለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ያ ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚከብድ የቤት ሥራ ይዛ የምትመጣበት ፊት ነው።

«እሺ፣ አሁን ንጹሑ የት ነው?» አለች። «ንገሪኝና እንሂድ።»

እትዬ ጭቃ በመስኮቱ ወደ ውኃው አየች። ሐይቁን በልቧ ዞረችው፤ ቱቦውን፣ ወደቡን፣ ወንዙ የሚገባበትን፣ ሸምበቆውን፣ ማዶውን፤ ጭቃውን በእጇ ያልነካችው አንድም ጥግ የለም። ስሌቱ ሁሉ ከዚህ ቤት ደጃፍ ነበር የሚነሳው። እህቷ መጥበሻውን እንደያዘች፣ ሚጣ ልብሱን እንደታቀፈች መልስ ይጠብቃሉ። ማንም ሳያየው ጋሼ ተነስቶ፣ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዞ፣ ከሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ ዓሣ አንስቶ ይበላል።